ለምን ዞሮ እንዳየ

ከኪሲኮ ወደ ቺቴቬ መንደር የሚወስደው መንገድ ነጭ አሸዋ ነው። ከቀትር በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ አሸዋው እንደ ውሃ ያብለጨልጫል፤ በስተግራ በኮኮነት ዛፎቹ መካከል ደግሞ እውነተኛው ውሃ፣ ሐይቁ፣ ብልጭ ይልና ይጠፋል። በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው እሱ ይራመድ፣ ወይስ እሱ ቆሞ መንገዱ ከሥሩ ይሂድ፣ መለየት ይቸግረዋል።

ሽማግሌው ፊሊሞኔ ንያንቱምቦ አንድ ትልቅ እስር ሣር በትከሻቸው ተሸክመው በዚሁ መንገድ ሲያዘግሙ ከፊታቸው አንድ ነጭ ነገር ሲንሳፈፍ አዩ። መጀመሪያ የሐይቅ ወፍ መሰላቸው። ቀጥሎ በውሃ ላይ የሚሄድ ሰው መሰላቸውና፣ የሟች ሚስታቸውን አካሄድ የሚመስል ነገር ስላዩበት ልባቸው ደንገጥ አለ። ሲቀርቡ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ሴት ናት፤ ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት ትገፋለች።

“እንደምን ዋሉ አጎቴ?” አለች ከመንገዱ ዳር ቆማ።

“ደህና ነኝ ልጄ። ሮዛሊና ነሽ እንዴ? እኔ እኮ ወፍ መስለሽኝ ነበር።”

“ወፍ ብሆንማ ብስክሌት ምን ያስገፋኛል?”

ሽማግሌው ሳቁ። ሮዛሊናን ገና ስትድህ ጀምሮ ያውቋታል። ከአባቷ ጋር በአንድ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቲምቢላ የሚባለውን፣ ከእንጨት ቁልፎች የተሠራ መሣሪያ፣ ሃያ ዓመት አብረው መትተዋል። አባቷ ሞተ፤ ቀጥሎ ወንድሟ ዛካሪያስ ሞተ፤ እሷ ከወንድሟ ቀብር በኋላ ኢንሃምባኔ ከተማ ሄዳ ሁለት ዓመት ሕክምና ተምራ መጣች። አሁን በመንደሩ ጤና ጣቢያ መሥራት ከጀመረች አምስተኛ ወሯ ነው።

“ሣሩን ከብስክሌቱ ላይ ያድርጉት” አለች። “የተነፈሰ ጎማ ለሰው እንጂ ለሣር አያስቸግርም።”

ጫኑትና አብረው መግፋት ጀመሩ።

“ጣሪያ ሊከድኑ ነው?”

“ጣሪያ አይደለም።”

“ታዲያ ምን ሊያደርጉት ነው?”

“ትንሽ ቤት” አሉ ሽማግሌው ወደ ሐይቁ እያዩ።

ሮዛሊና ብስክሌቱን አቆመች። በቺቴቬ ትንሽ የሣር ቤት የሚሠራው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። የመንደሩ ሰው ጦርነቱን በስሙ አይጠራውም፤ “ያ ጊዜ” ነው የሚለው። ከዚያ ጊዜ የተመለሰ ሰው የወታደር ልብሱን እንደለበሰ ወደዚያች ቤት ይገባል። ልብሱን እዚያው አውልቆ ይጥላል። ቤቲቱ ከውጭ እሳት ይለቀቅባታል፤ እሱ ራቁቱን ሮጦ ይወጣና ወደ ኋላው ሳይዞር እስከ ውሃው ይሄዳል። መድኃኒተኛዋ በቅጠል ታጥበዋለች። ልብሱና ያ ጊዜ አብረው ተቃጠሉ ይባላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እሱ አያወራውም፣ ማንም አይጠይቀውም። ዞሮ ያየ ግን የተቃጠለውን ሁሉ በዓይኑ መልሶ ይዞት ይሄዳል ተብሎ ይፈራል።

“ለማን ነው አጎቴ?”

“ለማን ይሆናል? ለአልፋዶ ነዋ። ሌላ ልጅ አለኝ?”

“ለአልፋዶማ ተደርጎለት የለም እንዴ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት?”

“ተደርጎለታል።” ሽማግሌው ላባቸውን በእጃቸው ጠረጉ። ይህን ነገር ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ሙቀቱ ይሁን፣ የአሸዋው ብልጭታ ይሁን፣ ሰውነታቸው የራሳቸው ያልሆነ ያህል ቀሎ ነበርና ቃሉ ሳያስቡት አመለጣቸው። “ግን ዞሮ አየ። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። ሌላው ሰው ጭሱን ሲያይ እኔ እሱን እያየሁ ነበር። መንገዱ መካከል ሲደርስ ቆመና ዞረ። ብዙ አልቆየም፤ አንድ ጊዜ ለመተንፈስ ያህል ነው።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ የምታውቂው ነው። አይተኛም። እሳት ባለበት አይቀመጥም፤ ካሳቫውን አቀዝቅዞ ይበላል። እሳቱ አኩርፎታል፣ ምን ታደርጊዋለሽ? እኔ ደግሞ የቲምቢላ ቁልፍ መፋቅ ስጀምር ይነሳና ወደ ሐይቁ ይገባል። እስከ ደረቱ። ቁሞ ይቀራል። የቲምቢላው ድምፅ ያን ጊዜ እየቀሰቀሰበት ነው ብዬ መሣሪያዬን ጠቅልዬ ሰቀልኩ፤ ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቁልፍ አልፋቅሁም፣ አልመታሁም። አሁንም ማለዳ ማለዳ ይገባል። ባለፈው ሳምንት እስከ አንገቱ ነበር። ስለዚህ ከሴሌስቴ ጋር ተነጋግረናል። ቅዳሜ እንደገና እናደርግለታለን፤ በዚህኛው እኔ ራሴ ከጎኑ ሮጬ አንገቱን ወደ ፊት እይዝለታለሁ።”

ሴሌስቴ የመንደሩ መድኃኒተኛ ናት። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ሮዛሊና ብስክሌቱን እንደገና መግፋት ጀመረች። ከዚያ “አጎቴ፣ ለምን ዞሮ አየ?” አለች።

“እንዴት ማለትሽ ነው?”

“ሮጦ የሚወጣ ሰው፣ አትዙር ተብሎ የተነገረው ሰው፣ መካከል ላይ የሚቆመው ምክንያት ቢኖረው ነው። ጠይቀውት ያውቃሉ?”

“አይጠየቅማ።”

“ለምን አይጠየቅም?”

“አይጠየቅም ስልሽ! ይቺ ልጅ ኢንሃምባኔ ሄዳ ያገሯን ነገር ረሳች እንዴ? ከተጠየቀ ተከፈተ ማለት ነው። ከተከፈተ የተቃጠለው በከንቱ ነው።”

“ተቃጥሎ ቢሆንማ ልጅዎ ውሃ ውስጥ ባልቆመ።”

ይህ ነገር ሽማግሌውን አስቆጣቸው። ድምፃቸውን ግን ከፍ አላደረጉም፤ የተከበረ ሰው በመንገድ አይጮኽም።

“ስሚኝ ልጄ። በዚህ መንደር ከመንግሥት ጋር የነበረ አለ፣ ከዚያኞቹ ጋር ጫካ የነበረ አለ። ተይዞ ከሁለቱም ጋር የነበረም አለ፤ አንዱ የእኔ ልጅ ነው። እሁድ እሁድ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይዘምራሉ። አንዱ የአንዱን አጎት ሳይገድል አልቀረም። ለምን አልተፋጁም? ዝም ስላሉ ነው። ዝምታውን እኛ ሽማግሌዎቹ ነን የያዝነው፤ እንደ ግድግዳ ደግፈን። አንቺ መጥተሽ አንድ ጡብ ልንቀል ትያለሽ። ሲፈርስ በማን ላይ ነው የሚፈርሰው?”

“ያሉት እውነት ነው” አለች ሮዛሊና። “ዝምታው ሰው አስታርቋል። አልክድም። እኔ ግን ገበያ ላይ ቆሞ ይናገር አላልኩም። አንድ ሰው፣ የሚያምነው አንድ ሰው፣ አጠገቡ ተቀምጦ ይስማው ነው የምለው።”

“መናገር መድኃኒት ሆነ በይኛ። በኢንሃምባኔ እንዴት ነው የሚሰጠው፣ በመርፌ?”

“በመርፌ ቢሆንማ መንደሩን ጥለው የሚሸሹት እርስዎ ነበሩ። ባለፈው ወር ለእግርዎ ቁስል ብጠራዎት በመስኮት ሊወጡ አልነበረም?”

“መስኮቱን እያየሁት ነበር እንጂ ልወጣ አልነበረም” አሉ ሽማግሌው፣ ከንፈራቸው ግን ፈታ አለ።

“ሲያዩት አንድ እግርዎ ውጭ ነበር።” እሷም ፈገግ አለችና ቀጠለች። “የተማርኩት ቀላል ነገር ነው አጎቴ። ሰው ብዙ ጊዜ ከሞት ጋር ተፋጦ ከቆየ፣ አደጋው ካለፈም በኋላ ሰውነቱ ያለፈ አይመስለውም። ጆሮው ይጠብቃል፣ ልቡ ይሮጣል፣ እንቅልፍ እንደ ወጥመድ ያስፈራዋል። እብደት አይደለም፤ ፈሪም ስለሆነ አይደለም። ጦርነት የነበረበት አገር ሁሉ ይህን በሽታ ያውቀዋል። እኛ መንፈስ እንለዋለን፣ ሐኪሞቹ ሌላ ስም ይሰጡታል፤ በስሙ አልከራከርዎትም። ግን የታመመው ሰው ምን እንዳስፈራው ካልተናገረ ማን ሊረዳው ይችላል? አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቁልፍ ድምፁ ሲበላሽ ምን ያደርጋሉ?”

“እፍቀዋለኋ። ከፍ ካለ ከወገቡ፣ ዝቅ ካለ ከጫፉ።”

“ከወገቡ ይሁን ከጫፉ በምን ያውቃሉ?”

“መትቼ እሰማዋለሁ።”

“ሳይሰሙት ቢፍቁትስ?”

“ያልሰማሁትን እንጨት ብፍቅማ አበላሸዋለሁ እንጂ…” ሽማግሌው ንግግራቸውን አቋረጡና ልጅቱን በጎን አዩዋት። “በገዛ እንጨቴ ልትመቺኝ ነው የፈለግሽው።”

“አልመታሁዎትም። ቅዳሜ ሳይሰሙ ሊፍቁት ነው እያልኩዎት ነው።”

ከመንገዱ ዳር አንድ ያረጀ የካሹ ዛፍ ነበረ። ሽማግሌው ደከመኝ አሉና ከጥላው ሥር ተቀመጡ። ሮዛሊናም ብስክሌቱን ከግንዱ አስደግፋ ጎናቸው ተቀመጠች። ከዚያ ሆኖ ሐይቁ በሙሉ ይታያል። ሰማያዊው ከአረንጓዴው የሚለይበት መስመር የለውም፤ የሩቅ ጀልባ በውሃ ላይ ይሁን በሰማይ ላይ አይታወቅም።

“ወንድሜ ዛካሪያስ ከያ ጊዜ ተመልሶ የሣር ቤቷ የተቃጠለችለት ዕለት ነበሩ አይደል?” አለች ሮዛሊና።

“ነበርኩ።”

“ዞሯል?”

“ኧረ በጭራሽ። እንደ ቀስት ነው የሮጠው። እንደሱ ያማረለት አላየሁም።”

“አዎ፣ አልዞረም። ሁሉን እንደታዘዘው አደረገ። ከዚያ አሥራ አንድ ወር ከእኔ ጋር በአንድ ቤት ኖረ። እኔ እህቱ ነኝ፤ በአንድ ምንጣፍ ተኝተን ነው ያደግነው። ሲጮኽ እሰማለሁ። ሲነሳ እሰማለሁ። ሲነጋ ካሳቫውን አቀርብለትና ጨው ይበቃሃል ወይ እለዋለሁ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ የጠየቅሁት ስለ ጨው ብቻ ነው።”

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

“አንድ ቀን ማለዳ ልብስ ሳጥብ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ‘ሮዛ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ’ አለኝ። ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ፈራሁ። ‘ወንድሜ፣ እሱ እኮ ተቃጥሏል፣ ተወው’ አልኩት። ‘እሺ’ አለ። ‘እሺ ሮዛ’ ብሎ እርጥቡን ልብስ ከእጄ ተቀብሎ ገመዱ ላይ ሰቀለልኝ። እያንዳንዱን ልብስ አስተካክሎ። ሳምንት አልሞላውም፣ ከሐይቁ አወጡት። ሰው ሁሉ ዓሣ ሲያጠምድ አዳልጦት ነው አለ። እርስዎም እንደዚያ ብለው አጽናኑኝ።”

“ብያለሁ” አሉ ፊሊሞኔ በቀስታ። “ምን ልበል ብለሽ ነው?”

“አልቀየምኩዎትም። ነገር ግን እሱ ዓሣ አጥምዶ አያውቅም።”

የወንድም ሐዘን ልዩ ነው። ልጅ የሞተበት ሰው ነገውን ይቀማል፣ ወላጅ የሞተበት ትናንቱን፤ ወንድም የሞተበት ግን ሁለቱንም ነው። በዚያ ላይ ሟቹ ሊነግረን መጥቶ የመለስነው ቃል ካለ፣ ሐዘኑ አይጠናቀቅም። ቃሉ ምን እንደነበረ እየገመቱ መኖር ነው። ሮዛሊና ሁለት ዓመት የተማረችው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቃል ፍለጋ ነበር።

ፊሊሞኔ በእጃቸው አሸዋ አፍሰው በጣታቸው መካከል እንዲፈስ ለቀቁት። ከዚያ የልባቸውን ተናገሩ።

“ልጄ፣ እኔ የፈራሁት መንፈሱን ብቻ አይደለም። ብጠይቀውና የሚነግረኝ ነገር የማልችለው ቢሆንስ? አንድ ልጅ ነው ያለኝ። እናቱ እሱ በሌለበት ሞተች፤ ከእሱ በቀር የቀረኝ የለም። በልቤ ውስጥ ጥሩ ልጅ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ከተናገረ በኋላ የማላውቀው ሰው ቢሆንብኝስ?”

“እሱም የሚፈራው ይህንኑ ነው” አለች ሮዛሊና። “አባቴ ካወቀኝ ይተወኛል ብሎ ነው ብቻውን የሚሸከመው። ሁለታችሁ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ነገር እየፈራችሁ ትኖራላችሁ።”

“ታዲያ እንዴት ተብሎ ነው የሚጠየቀው? እኔ ጠይቄ አላውቅም። ሲጠየቅም አላየሁ።”

“ፊት ለፊት አይቀመጡ፤ ጎን ለጎን ይሁኑ፣ ቲምቢላ ስትመቱ እንደምትቀመጡት። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ። ዝም ካለ እርስዎም ዝም ይበሉ፤ ግን ተነስተው አይሂዱ። መናገር ሲጀምር ተወው፣ እርሳው፣ አምላክ ያውቃል አይበሉት። ቢያለቅስ ውሃ ላምጣ ብለው አይሩጡ። ሊናገር ባይፈልግም አያስገድዱት፤ በሩ እንዳልተዘጋ ይወቅ፣ ያ ይበቃል። ሲናገር ደግሞ ባይችሉት ወደ እኔ ይምጡ። እኔ ለዚህ ነው የተማርኩት።”

“ይሄ ሁሉ አታድርግ ከሴሌስቴም ይብሳል” አሉ ሽማግሌው እየተነሱ። ግን ቃሎቹን በአፋቸው እየደጋገሙ ነበር፤ መንገዱ እስኪለያያቸው ድረስ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ሮዛሊና አየች።

በማግሥቱ ማለዳ ሐይቁ ጉም ለብሶ ነበር። ውሃው የት እንደሚጀምር የሚያሳውቀው ድምፁ ብቻ ነው። አልፋዶ ከዳር በተገለበጠች ጀልባ ላይ ተቀምጧል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። ሰላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ከጀርባው ሲያዩት ግን የአባቱ ታናሽ ወንድም ይመስላል። ፊሊሞኔ መጥተው ጎኑ ተቀመጡ። ልጁ ትንሽ ፈቀቅ አለላቸው። ሁለቱም ጉሙን አዩ።

ሽማግሌው ሌሊቱን ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው። ሁሉም ጠፋቸው። የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

“አልፋዶ፣ ያን ቀን ለምን ዞርክ?”

ጉሙ በእግራቸው መካከል አልፎ ሄደ። ከሩቅ አንድ የማትታይ ወፍ ጮኸች፣ ቆየችና ደግሞ ጮኸች።

“አይተውኝ ነበር?”

“አይቼሃለሁ።”

“ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር?”

“ሁለት ዓመት ሙሉ።”

ፊሊሞኔ ተነስተው ለመሄድ እግራቸውን ሦስት ጊዜ አነሱ፤ ሦስት ጊዜም መልሰው አስቀመጡት።

“ውስጥ ሰው የቀረ መስሎኝ ነው” አለ አልፋዶ።

“የት ውስጥ?”

“በሣር ቤቷ ውስጥ። እኔ ራሴ ነኝ የወጣሁት፣ ሌላ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ግን መሰለኝ።” እጆቹን አየ። “ከወንዙ ማዶ አንድ መንደር ነበር። አዛዡ ቤቶቹን አቃጥሉ አለ። ባዶ ናቸው፣ ሰዎቹ ሸሽተዋል አለ። የመጨረሻዋን ቤት ክብሪት የጫርኩባት እኔ ነኝ። መንገድ ስንጀምር ከውስጥ ሳል ሰማሁ። የሽማግሌ ሳል። ሁለት ጊዜ። ዘወር ልል ስል አዛዡ ጠመንጃውን ማጅራቴ ላይ አደረገና ‘ዞረህ ብታይ ትቀራለህ’ አለኝ። አልዞርኩም። ሳሉ ቆመ። አልዞርኩም አባባ። ከዚያ አገሬ ስገባ እናንተ በቤት ውስጥ አስገብታችሁ እሳት ለቀቃችሁና አትዙር አላችሁኝ።”

ፊሊሞኔ “ተወው ልጄ” የሚለው ቃል ጥርሳቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጡት። እጃቸውን ልጃቸው ጉልበት ላይ አኖሩና እዚያው ተዉት።

“እኔ ማለዳ ስነሳ ወደ ውሃ የምትገባው…”

“ስለሚስሉ ነው። እንጨት ሲፍቁም አቧራው ያስልዎታል። ሳሉን ስሰማ መቀመጥ አልችልም። እርስዎ መሆንዎን አውቃለሁ፤ ሰውነቴ አያውቅም። ውሃ ውስጥ እሳት የለም። ባለፈው ሳምንት ግን…” አቆመ። “ባለፈው ሳምንት ወደ ውጭ መመለሱን ብዙ አልፈለግሁትም ነበር።”

“እና ቲምቢላው?”

“ቲምቢላው ምን አደረገኝ? እንዲያውም ለምን እንደተዉት ግራ ገብቶኝ ነበር። በእኔ አፍረው ይሆናል ብዬ ነበር።”

ሽማግሌው ሊስቁ ፈለጉ፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። ሰባት ወር ሙሉ ለልጃቸው ብለው ዘፈናቸውን ሰቅለው፣ ልጃቸው ደግሞ ያን ዝምታ እንደ ፍርድ ቆጥሮት ኖሯል። አንድ ጥያቄ ባለመጠየቅ ይህ ሁሉ ሆነ። ጉሙ ተነስቶ ፀሐይ ጀርባቸውን እስክታሞቅ ድረስ እዚያው ተቀመጡ፤ ልጁ አንድ ጊዜ እየተናገረ፣ ብዙ ጊዜ ዝም እያለ። ፊሊሞኔ የፈሩት ሰው አልመጣም። አጠገባቸው የተቀመጠው ያው አልፋዶ ነበር፣ ከነሸክሙ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሴሌስቴ ቤት ሄዱ። ሴሌስቴ ዓይኗ የደከመ፣ እጇ ግን ገና የበረታ አሮጊት ናት፤ ለነገው ቅጠል እየለቀመች በምንጣፍ ላይ ትደረድር ነበር።

“ሣሩ ደረሰ?” አለች ቀና ሳትል።

“ደርሷል። አይቃጠልም።”

“ምን ማለትህ ነው አንተ ሰውዬ? ልጁን ልትጥለው ነው?”

“ላነሳው ነው” አሉና ከልጃቸው የሰሙትን፣ ፈቃዱን ጠይቀው ስለነበር፣ ነገሯት። ሴሌስቴ እጇ ቅጠሉ ላይ ቀረ።

“በዚህ እጄ አሥራ ዘጠኝ ቤት አቃጥያለሁ” አለች በመጨረሻ። “አንዱንም ‘አንተ እሳት ምን አድርጎህ ያውቃል’ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እና ተሳስቼ ኖርኩ ነው የምትለኝ?”

“አላልኩሽም። ያጠብሻቸው በደንብ ነው። ወታደር ሆኖ የመጣ ሰው መንደሩ ወጥቶ ሲቀበለው፣ ውሃ ሲያፈሱለት፣ ልብስ ሲያለብሱት ልቡ ያርፋል። አልፋዶም ከዚያ ቀን ያስታወሰው መልካም ነገር ያንቺን እጅ ነው፤ ነግሮኛል። የተሳሳትነው አጥበን ስናበቃ አፉን መዝጋታችን ነው። የተሳሳትነው ለሁሉም አንድ እሳት ማንደዳችን ነው።”

“ከተናገሩ ግን ሰው ይፋጃል።”

“እኔም ለዚያች ለሮዛሊና ይህንኑ ነው ያልኳት። አሁን ሳስበው ግን ልጄ ነገሩን የነገረው ለእኔ ነው፣ ለገበያ አይደለም። ማንም አልተፋጀም። ዛሬ ምሳውን በላ፤ ሴሌስቴ፣ ትኩሱን በላ። እኔ ሲያስለኝ ወጣ ብዬ እስላለሁ፤ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። ባላውቅ ኖሮ ነገ እሳት ውስጥ መልሼ አስገብቼ አንገቱን በገዛ እጄ እይዝለት ነበር። ከዚያ ሐይቁ ይቀበለው ነበር።”

አሮጊቷ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እየገለበጠች፣ የሌሎቹን አሥራ ስምንት ሰዎች ስም በሹክሹክታ ጠራች። ዛካሪያስ ጋ ስትደርስ አቆመች።

“ነገ ቅጠሉን ይዤ እመጣለሁ” አለች። “እሳት የለም። አጥበዋለሁ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። ያችን ባለነጭ ጋዋን ጥራልኝ። እኔ ማጠብ አውቃለሁ፤ መስማት የተማርኩት ግን የቅጠልን ድምፅ ብቻ ነው። ላስተምርሽ ካለችኝ እማራለሁ።”

እንዲህም ሆነ። ከዚያ ወዲህ አልፋዶ በአንድ ቀን አልዳነም፤ ማንም እንደዚያ አይድንም። አሁንም ከእንቅልፉ በርግጎ የሚነሳባቸው ሌሊቶች አሉ፣ ክረምት ሲገባ ይብስበታል። ነገር ግን በየሳምንቱ ሐሙስ ከሮዛሊና ጋር በጤና ጣቢያው በረንዳ ይቀመጣል። በሦስተኛው ወር ወንዙን ተሻግሮ ያን መንደር ሊጠይቅ ሄደ፤ አባቱና ሴሌስቴ አብረውት ነበሩ። በእሳቱ የሞተውን ሽማግሌ ስም አገኘ። ዕንባ ነበረ፣ ቁጣም ነበረ፤ ግን ከቺቴቬ ሰዎች ከወንዙ ማዶ የሞተን ሰው በስሙ ጠርቶ ያለቀሰ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ፣ የሟቹም ልጅ በመጨረሻ አብሮት ተቀመጠ። ፊሊሞኔ እንደፈሩት ግድግዳው አልፈረሰም። ይልቅ መስኮት ተበጀለት።

ሌሎቹም ተከተሉ። ከአሥራ ዘጠኙ ውስጥ በሕይወት ያሉት፣ አንዳንዶቹ በራሳቸው፣ አንዳንዶቹ በሚስቶቻቸው ጉትጎታ፣ በረንዳው ላይ መታየት ጀመሩ። የሚጠጣው መጠጡን ቀነሰ። ሚስቱን ይመታ የነበረው ለምን እንደሚመታት ነገራት፤ ይቅርታም ጠየቃት። ልጆቹን ማቀፍ የፈራው አንዱ፣ እጄ ያስፈራኛል ብሎ ከተናገረ በኋላ አቀፋቸው። ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የጠየቀ ነገር አይደለም። የጠየቀው ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ ማንኛውም ቤት ሊያወጣ ይችላል።

በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ ሲያቆም ጄርሚያስ የተባለ የቺቴቬ ልጅ፣ ሞቷል ተብሎ የተለቀሰለት፣ ከሰሜን በእግሩ መጣ። መንደሩ ወጥቶ ተቀበለው። ሴሌስቴ አጠበችው፣ ነጭ ልብስም አለበሱት። ከዚያ ፊሊሞኔ ከሐይቁ ዳር ምንጣፍ ዘርግተው ጎናቸው አስቀመጡት። ፀሐይዋ ገና ከፍ አላለችም፤ ውሃው እንደ ወተት ረግቶ ነበር።

“ልጄ፣ እንዲቃጠል የምትፈልገው ነገር ካለ እናቃጥልልሃለን” አሉት። “እሳት የማትወድ ከሆነ እንቀብረዋለን። ከሁለቱም በፊት ግን ልትነግረን የምትፈልገው ካለ ንገረን።”

ጄርሚያስ እጁን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረ። “ብዙ ነው አባባ” አለ። “ከየት እንደምጀምር አላውቅም።”

“ከፈለግህበት ጀምር” አሉት ፊሊሞኔ። “ዛሬ ባትጨርሰው ነገ አለ። እኛ የትም አንሄድም።”